በሃምሳ የተጾመው ረቡዕ

በዚያን ዘመን ደብረ ታቦር ውስጥ ሴት ልጅ ምግብ ቤት ገብታ ከወንድ ጋር ትሪ ከብባ ከታየች ወሬዋ ከእሷ ቀድሞ እናቷ ቤት ይደርስ ነበር። የእኔም ወሬ ወላጆቼ ያሉበት ጉና ሥር ደርሷል። አባቴ ገብስ ሊሸጥ ገበያ የመጣ ዕለት፣ ዓይኑን ከእኔ አሽሽቶ፣ "ልጄ፣ የሚሉት እውነት ነው?" አለኝ። "እውነት ነው አባዬ፣ ራበኝ" አልኩት። ምን ልበል ታዲያ? የተከራየኋት ክፍል የሣር ክዳን ናት፤ አከራዬ ገና ጓዜን ሳላወርድ እሳት የሚባል ነገር እንዳታነጂብኝ ብላ አስጠንቅቃኛለች። ጥሬ እየቆረጠምኩ የሰው ልጅ ፊደል ላስቆጥር? እኔ ደግሞ ሲርበኝ ክፉ ነኝ። ሰው ያወራውን ያውራ ብዬ በየቀኑ እገባ ነበር።

ምግብ ቤቷ ከገበያው ዝቅ ብላ ያለች አንድ ክፍል የቆርቆሮ ቤት ናት። ጭስ ያጠቆረው ግድግዳ፣ ሲቀመጡበት የሚንቋቋ አግዳሚ፣ በየቤቱ በግድ የሚሰቀለው የሊቀ መንበሩ ፎቶ፤ ሌላ ጌጥ የላትም። ባለቤቲቱ የጉራጌ አገር ሰው ናት። ባሏ ነጋዴ ነበር፤ ሲሞት አገሯ ትገባለች ሲባል ጋን የሚያክል ድስት ገዝታ እዚሁ ቀረች። ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላት። ከአዲስ አበባ የሚመጡ የጭነት መኪና ሾፌሮች ቆጮ በቅጠል ተጠቅልሎ ያመጡላታል። የእኛ አገር ሰው ቆጮ የት ያውቃል? "እንጨት የምታበላዋ ሴትዮ" እያለ በሩቁ ያልፋታል።

እኔም መጀመሪያ ቀን ያቀረበችልኝን አገላብጬ አገላብጬ አየሁት። ነጣ ያለ፣ ጠንከር ያለ፣ ሆምጠጥ ያለ ሽታ ያለው ነገር ነው። ጎኑ ላይ ክትፎ፣ ጎመንና አይብ አለ። "እትዬ፣ ይኼ ይበላል ወይስ ይለበሳል?" አልኳት። "ምላስሽ ሲያርፍ ይበላል" አለችኝ። በላሁት። የክትፎው ቅቤ ከቆጮው ጋር አፌ ውስጥ ሲገናኝ እውነትም ምላሴ አረፈ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ መኪናው መድረስ አለመድረሱን ከሾፌሮቹ ሚስቶች ይልቅ እኔ ነበርኩ የምጠይቀው።

ደንበኞቿ ከየአገሩ ተመድበው የመጡ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። ከአገሬው ሰው የማንጠፋው እኔና መሪጌታ ነበርን። መሪጌታ በቤተ ክህነት ትምህርት ያረጁ፣ ኋላ ፍርድ ቤት በጸሐፊነት የተቀጠሩ ሽማግሌ ናቸው። ሚስታቸው ካረፈች ወዲህ እዚያ ይበላሉ። ቆጮውን ግን አይነኩትም፤ "ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ" ብለው እንጀራቸውን ወደ ራሳቸው ይስባሉ። በጾም ደግሞ ቀልድ አያውቁም። አንድ ዓርብ እትዬ ቅቤ በነካው ማንኪያ ሽሮውን አማሰለች ብለው ሙሉ ድስት አስደፍተዋታል።

ከዚያ የከብት ሐኪሙ መጣ። ረዥም ቀጭን ወሎዬ ነው፤ እስላም ነው። ከጉና ጫፍ እስከ እብናት ቆላ በእግሩም በበቅሎም እየዞረ ከብት ይከትባል። ሰው ሲያናግር እንኳ በሬ እንዳይደነብርበት እንደሚጠነቀቅ ሰው ዝግ ብሎ ነው። አባቴ በሬውን ካዳነለት በኋላ ስሙን በክፉ አስነስቶ አያውቅም።

የእኛን አገር ልማድ ማንም ያውቀዋል። እስላምና ክርስቲያን በገበያም፣ በለቅሶም፣ በደቦም ይገናኛል፤ ሥጋ ላይ ብቻ አይገናኝም። እኛ ያረድነውን እሱ ከበላ ሃይማኖቱን እንደ ካደ ነው፤ እሱ ያረደውን እኛ ብንበላም እንደዚያው። ስለዚህ እትዬ ሥጋ ነክቷት የማታውቅ አንዲት ነጭ ድስት ከነማማሰያዋ ለብቻ አስቀምጣለት ነበር። እንቁላሉን፣ ሽሮውን፣ ቅቤ ያለበትን ሁሉ በእሷ ትሠራለታለች። በፍስክ ቀን እኛ ትሪ ከብበን ክትፎ ስንጎርስ እሱ ጥግ ላይ ሳህኑን ታቅፎ ብቻውን ይበላል። መቼም ብቻን እንደ መብላት ያለ የሚያስጠላ ነገር የለም፤ በተለይ ሌላው ሲሳሳቅ እየሰሙ።

ረቡዕና ዓርብ ግን ቤቱ ሁሉ ሽሮና ምስር ነው። ያን ዕለት ድስቱም አንድ፣ ትሪውም አንድ ይሆናል። እኛ ክርስቲያኖቹ ረቡዕ ሲመጣ ፊታችን ይጨማደዳል፤ እሱ ግን ረቡዕን እንደ ዓመት በዓል ይጠብቃል። "የእናንተ ሁዳዴ የእኔ ፋሲካ ነው፤ ሁዳዴውን ሙሉ ሰው አለኝ" ይለን ነበር።

መሪጌታ መጀመሪያ ላይ ጾምም ቢሆን ከእስላም ጋር አልቀርብም ብለው ለብቻቸው ይቀመጡ ነበር። አንድ ረቡዕ ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጉርሻ ዘረጋላቸው። መሪጌታ ጉርሻውን አዩት፤ ምስር ነው፣ ምን ይሉታል? ተቀበሉት። አላመጡና፣ "አንድ ጉርሻ ያጣላል" አሉ። ሁለተኛውን አጎረሳቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የትሪው የበሩ ወገን የሐኪሙ ቦታ ሆነ፤ መሪጌታም ከጎኑ።

በዚያን ዓመት ሁዳዴ ሲጋመስ አብዮት ጠባቂዎች ያዙት። ወደ እብናት ወርዶ ሲከትብ ሰንብቶ መመለሱ ነበር። የሽፍታ ከብት አክመሃል አሉት። "በሬን የማን ነህ ብዬ አልጠይቀውም" ብሎ መለሰላቸው አሉ። ሌላ ጥፋት አለበት ሲባል አልሰማሁም። በዚያን ጊዜ ለመታሰር ያንን ያህል እንኳ አያስፈልግም ነበር። ከገበያው በላይ የነበረውን የድሮ የእህል መጋዘን እስር ቤት አድርገውት ስለነበር እዚያ አስገቡት።

እስረኛን የሚያበላው ዘመዱ ነው፤ እሱ ደግሞ እዚህ ዘመድ የለውም። "እኛ ምን ሆነን?" አለች እትዬና የዚያኑ ዕለት ምሳ ዕቃ ቋጠረች። እኔ የማስተምረው ጠዋት ስለነበር ቀትር ላይ ይዤለት መሄድ የእኔ ሥራ ሆነ። በር ላይ አንድ ፂሙን ያሳደገ አብዮት ጠባቂ አለ። የያዝኩትን ይቀበለኛል፣ የትናንቱን ባዶ ዕቃ ይመልስልኛል። ሰውየውን ማየት አይታሰብም።

ያንጊዜ ልጅ አዋቂው የሚያውቀው አንድ ነገር ነበር። ስንቅ ይዘሽ ሄደሽ "ከእንግዲህ እንዳታመጪ" ከተባልሽ ሰውሽ የለም ማለት ነው። ሬሳ የለም፣ ፍትሐት የለም፤ ማልቀስም ክልክል ነው። እኔም በየቀኑ ያቺን ዳገት ስወጣ ያንን ቃል እፈራለሁ። ሰውየው እጁን ዘርግቶ ምሳ ዕቃውን ሲቀበለኝ ወዲያው ዞሬ እመለሳለሁ። ሮጬ ወርጄ፣ "ተቀበለኝ" እላታለሁ። እትዬም፣ "ተመስገን፣ አለ ማለት ነው" ትላለች። መሪጌታም ማታ ሲመጡ ሰላምታ ከመስጠታቸው በፊት "ተቀበሏችሁ?" ይላሉ።

በመጀመሪያው ሰሞን የሚታጠብ ሸሚዝም ይላክልን ነበር። እትዬ አንድ ቀን አንገትጌው ላይ ደም አየች። አጥባ ስትጨርስ እንደገና አጠበችው። ከሆሳዕና ወዲህ ልብስ መምጣቱ ቆመ። "ልብስ አልፈልግም ብሏል" አለኝ ጠባቂው። እትዬም፣ "ወንድ አይደል፣ ቢቆሽሽ ምን ገዶት" አለች። ዓይን ለዓይን ግን አልተያየንም። ምግቡን እየተቀበሉን፣ ባዶው ዕቃም ተጠራርጎ እየመጣልን፣ ሞቷል ብሎ የሚያስብ ማን ነው? ተስፋ ካለ ሰው ራሱን ማታለል አያቅተውም።

ፋሲካ ደረሰ። ቆጮውም ቅዳሜ መጣ። እትዬ በጠዋት ተነስታ ዘመድ ለሌለው ሁሉ ክትፎ ስትከትፍ ዋለች። መሪጌታ በስግደቱና በሌሊቱ ቁመት ብርድ መትቷቸው ቤታቸው ተኝተዋል። ስለዚህ ሁለት ምሳ ዕቃ አዘጋጀች፤ አንዱ የእሳቸው፣ ክትፎ በእንጀራ፤ ሌላው የሐኪሙ፣ በነጯ ድስት የተሠራ እንቁላል በቅቤ። ሁዳዴውን ሙሉ ሁሉም ከአንድ ድስት ይወጣ ስለነበር እጇ መለየቱን ረስቶ ኖሯል። "ይኼ የሐኪሙ፣ ይኼ የመሪጌታ" ብላ ሰጠችኝ። እኔም መጀመሪያ እስር ቤቱ አድርሼ ወደ መሪጌታ ወረድኩ።

መሪጌታ ብርድ ልብስ ተከናንበው ክዳኑን ከፈቱና አዩት። "እንዴ፣ በፋሲካ እንቁላል ላከችልኝ?" አሉ። እንቁላሉን ሳየው በእጄ አፌን ያዝኩ። "ምን ሆንሽ?" ሲሉኝ፣ "ክትፎውን ለሐኪሙ ሰጥቼዋለሁ" አልኳቸው። መሪጌታ ምሳ ዕቃውን ከደኑት። "ሩጪ" አሉኝ።

ሮጥኩ። ጠባቂው ባዶውን ምሳ ዕቃ አቀበለኝ፤ ገና ሙቀቱ አልወጣለትም። "በላው እኮ፣ ከመቼው ጨረሰው" አለኝ። እንጀራ ፍርፋሪ እንኳ አልቀረም። ረሃብ እንዲህ ያደርጋል ብዬ ተመለስኩ።

ለእትዬ ስነግራት አመድ መሰለች። "ሃይማኖቱን አስካድኩት። በዚህ በመከራው ላይ፣ እኔ" እያለች ደረቷን ትመታለች። ተቆጣኋት። "እትዬ፣ የተራበና የተገረፈ ሰው ነው፤ በላ፣ በላ። ፈጣሪው እንደ መሪጌታ ድስት አያስደፋም" አልኳት። "እሱ ክትፎ መሆኑን አያጣውም። እያወቀ ነው የበላው። ምን ያህል ቢርበው ነው?" አለችና እንደገና ማልቀስ ጀመረች። ያን ዕለት እሷን ያስለቀሳት ርሃቡ ነበር፤ የመሰለን ያ ነበር።

በማግስቱ ነጠላዋን አጣፍታ ገበያ ዳር ወዳለ የእስላም ጨው ነጋዴ ቤት ሄደች። በር ላይ ቆማ ለሚስቲቱ ነገረቻት፤ ስህተቷን ሁሉ። "በእናንተ እጅ የታረደ ሥጋ በእናንተ ድስት ሥሩልኝ፤ እሱም እንደ ሰው ይፈስክ፣ እኔም ካሣ ይሁነኝ" አለቻት። ሴትዮዋ ወደ ጓዳ ገብታ ጥብስ ሠራችላት። ጥሩ ሥጋ ነበር፤ እኔ ልበላው ባልችልም ሽታው መንገዱን ሁሉ ሲጣራብኝ ነበር። ዳገቱን ስወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር። ከፍቶ ሲያየው የሚስቀውን ሳቅ አስቤ ብቻዬን ፈገግ አልኩ።

ጠባቂው እንደ ሁልጊዜው ክዳኑን ከፈተ። አሸተተ። "የምን ሥጋ ነው?" አለኝ።

"የእስላም ሥጋ ነው፤ ለእሱ ተብሎ በእስላም ቤት የተሠራ ነው" አልኩት፣ ሥራችንን እያመሰገንኩ።

ሰውየው ክዳኑን መልሶ ገጠመው። ምሳ ዕቃውን በጣቱ ጫፍ ወደ እኔ ገፋው፤ እጁንም ሱሪው ላይ ጠረገ። ይኼን አኳኋን አውቀዋለሁ። አባቴም፣ አጎቶቼም፣ እኔም የሌላ ሃይማኖት ሥጋ ሲቀርብልን እንዲሁ ነው የምናደርገው። "ውሰጂው፣ ይኼን አይበላም። ያንን የትናንቱን ክትፎ ላኩልኝ ብሏል" አለኝ።

እንዴት እንደ ወረድኩ አላውቅም። እትዬ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ምሳ ዕቃው ከነክብደቱ እጄ ላይ መሆኑን አየች። የተባልኩትን ሁሉ ነገርኳት። አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ እንዲህ አለች፤ "ርቦት ክትፎውን በልቶት ይሆናል፣ ይሁን። የእስላም ሥጋ አልበላም ግን አይልም።"

ስንልከው የከረምነውን ማን ሲበላው እንደከረመ ያኔ ገባን። "አታምጪ" ያላሉኝ ለምን እንደሆነም ገባኝ። የእትዬ እጅ ይጣፍጣላ። ልብስ አልፈልግም ያለውም ማን እንደሆነ፣ ከመቼ ጀምሮም እንደሆነ ገባኝ። ከሆሳዕና ጀምሮ ያንን ዳገት የወጣሁት ለዚያ ፂም ነው። ዘልዬ ተነሳሁ፤ ሄጄ በሩ ላይ ልጮህ፣ ልቧጭረው፣ የመጣው ይምጣ ብዬ። እትዬ ቀሚሴን ጨምድዳ ያዘችኝ። "ቁጭ በይ። ዝም አይነቅዝም። አንቺንም ሰልቅጠው ስንቅ አምጡ ይሉኛል" አለችኝ። ቁጭ አልኩ። መሬት መሬቱን እያየሁ ጥርሴን ነከስኩ።

ሥጋውን ወደ ጨው ነጋዴው ቤት መለስነው። ባልየው በር ላይ ነበር። ምሳ ዕቃው ሙሉውን ሲመለስ አይቶ ገባው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ በእነሱ ቋንቋ ለሞተ ሰው የሚባለውን አለ፤ ሚስቱም ከውስጥ ደገመችው። ለሐኪሙ የተባለለት ጸሎት እኔ እስከማውቀው ያ ብቻ ነው። የት እንደ ጣሉት ዛሬም አላውቅም።

ማክሰኞ ምንም አልላክንም። ረቡዕ ከሥራ መልስ ስንሰባሰብ እትዬ ማንንም ምን ትበላለህ ሳትል ትልቁን ትሪ አመጣች። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን በዘይት። ፋሲካ ገና ሳምንት እንኳ አልሞላውም። ከትንሣኤ እስከ በዓለ ሃምሳ ረቡዕም ቢሆን፣ ዓርብም ቢሆን አይጾምም፤ በሃምሳ መጾም እንዲያውም ነውር ነው። ሁሉም ትሪውን አይቶ ቀና ብሎ አያት። "ዛሬ ረቡዕ ነው" አለች እትዬ። ድምፅዋ ውስጥ ምንም አልነበረም።

ሁላችንም መሪጌታን አየን። ሳሉ ገና አልለቀቃቸውም ነበር። የሥርዓቱን መጽሐፍ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ በከተማው የለም፤ ማንኪያ ነካው ብለው ድስት ያስደፉ ሰው ናቸው። እጃቸውን ታጠቡ። ወደ ትሪው ቀርበው የሁልጊዜ ቦታቸው ተቀመጡ፤ የበሩን ወገን ክፍት ተዉት። "ረቡዕ ይጾማል" አሉና ማዕዱን ባረኩ። ሌሎቹም ቀረቡ። እንደዚያን ቀን ተጠጋግተን ተቀምጠን አናውቅም፤ የበሩ ወገን ግን ክፍት ነበር። ማልቀስ ስላልቻልን ጾምን።

ሁለተኛውን እንደጎረስን ያ ጠባቂ በሩ ላይ ቆመ። ከእስር ቤቱ በር ውጭ አይቼው አላውቅም ነበር። ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አንግቶ ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየ። "ምነው ስንቁን አቆማችሁ? ሰውየው ራበኝ እያለ ነው" አለ ለእትዬ።

እትዬ ጭልፋዋን ትሪው ጠርዝ ላይ አኖረች። "ዛሬ ቤቴ ጾም ነው። ክትፎ የለም" አለችው።

"በሃምሳ?" ብሎ ሳቀ። ማንም አብሮት አልሳቀም። ትሪውን አየ፣ እኛን አየ፣ የበሩ ወገን ባዶ መሆኑን አየ። "እንግዲያው ያላችሁን እንብላ" አለና ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ሊቀመጥ ጎንበስ አለ።

እትዬ ዝም አይነቅዝም ያለችኝን ሁለት ቀን ሙሉ ጠብቄያለሁ። ከዚያ በላይ ግን አልቻልኩም።

"እሱ ቦታ ሰው አለው" አልኩት።

እንደ ጎነበሰ ቀረ። "ማን?" አለ።

መሪጌታ ትሪው ላይ አንድ ጉርሻ ጠቀለሉ፤ በባዶው ቦታ በኩል አኖሩት። ሰውየው ጉርሻውን አየ፤ ቀና ብሎም ፊታችንን አንድ በአንድ አየ። ጠመንጃውን አንግቶ ወጣ።

ይመጣሉ ብለን ጠበቅን፤ ማን ቀድሞ እንደሚወሰድም አላወቅንም። ቢሆንም መሪጌታ "ብሉ" አሉንና በላን። ሽሮው ቀዝቅዞ ነበር። በበሩ ወገን ያለው እንጀራ እስኪደርቅ ድረስ ማንም አልነካውም፤ ጉርሻውም እንደተጠቀለለ እዚያው ነበር።